ዘይት መጨመር ጥገና አይደለም

ፈጣሪ ለሰው ልጅ ከሰጠው ከአምስቱ ሕዋሳት መካከል ማሽተት ከማየትና ከመስማት ያነሰ ክብር ሲሰጠው ይኖራል፤ ይሁን እንጂ ዓይን ገና ያላየውን፣ ጆሮም ገና ያልሰማውን አደጋ ቀድሞ የሚያስታውቀን ብዙ ጊዜ እርሱ በመሆኑ፣ ተግሣጹን ንቆ ማለፍ በገዛ እጅ ጥፋትን መጥራት ነው። ከቡለን ተነሥቶ በድባጤ በኩል ወደ ግልገል በለስና ወደ ቻግኒ የሚሄድ፣ ወይም ወደ ወንበራ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከተሳፈረበት መኪና የፊት ወንበር ሥር የዘይት ቃጠሎ ሽታ ሲመጣበት፣ ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ረዳቱም መኪናው በቆመበት ሥፍራ ከጀሪካን ዘይት ቀድቶ ሲጨምር፣ ጉዞውም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሲቀጥል ማየቱ የተለመደ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልቃወም የተነሣሁት ይህንኑ ልማድ ነው፤ ዘይት መጨመር የጎደለውን ይሞላ እንደ ሆነ እንጂ የሚያፈሰውን አይደፍንምና፤ የሚያፈሰው እስካልተደፈነ ድረስም አዲሱ ዘይት የቀድሞውን መንገድ ተከትሎ ወደዚያው ወደ ጋለው ብረት ይወርዳል።

ነገሩ ለቡለን ሰው ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ቡለን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን የምትገኝ፣ ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገው በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ወረዳ ስትሆን፣ የክልሉ ርእሰ ከተማ አሶሳ ከአባይ ማዶ ስለ ሆነች፣ ሕዝቡ ለሕክምናውም ለንግዱም የሚደገፈው በጥቂት አባዱላዎች፣ በኢሱዙ የጭነት መኪናዎችና በመንግሥት ላንድክሩዘሮች ላይ ነው። ሰሊጡንና በቆሎውን ለገበያ የሚያደርሰው፣ ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ፓዌ ሆስፒታል የሚወስደው፣ ተማሪውን ከቤተሰቡ ጋር የሚያገናኘው ሞተር በመንገድ ላይ ቢነድድ ወይም ቢነክስ፣ ሌላ መኪና ወዲያው አይገኝም፤ ጎታችም በስልክ ጥሪ አይደርስም። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በድባጤ ወረዳ በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ላይ የደረሰውን አሰቃቂ ጥቃት የሚያስታውስ የመተከል ሰው ደግሞ፣ ሰው በሌለበት ሥፍራ ሳይታሰብ የቆመ መኪና ምን ያህል ልብ እንደሚያርድ አስረጂ አያሻውም። በዚህ አገር የመኪና ጤንነት የባለንብረቱ የግል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ደኅንነት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ሽታው ራሱ ምንድን ነው? የሞተር ዘይት በሥራው ላይ ሳለ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አይርቅም፤ በሞተሩ ውስጥ ተዘግቶ እስከ ተዘዋወረ ድረስም አይሸትም። ከሞተሩ ጎን ያለው ጭሱን ሰብስቦ ወደ ማርሚታ የሚያወርደው የብረት ቱቦ፣ መካኒኮች ማኒፎልድ የሚሉት፣ ዳገት በሚወጣ በተጫነ መኪና ላይ ከ400 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ የሞተር ዘይት ግን 200 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ተኖ በእሳት ሊያያዝ የሚችል እንፋሎት መስጠት ይጀምራል። ስለዚህ አንዲት ጠብታ በዚያ ብረት ላይ ስታርፍ ወዲያው ትጨሳለች፤ ብዙ ጠብታ ሲሆን ጭሱ በወፍራሙ ይወጣል፤ ዘይቱ በብዛት ሲፈስ፣ በአቅራቢያውም የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የሚያፈስ የነዳጅ ቱቦ ሲኖር፣ ጭሱ ወደ ነበልባል ይለወጣል። በአባዱላ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር በመሆኑ፣ ሽታው በወንበሩ ክዳን ዙሪያ በሰለለው ጎማ በኩል ሾልኮ ወደ ተሳፋሪው ይገባል፤ በዚያ ወንበር ላይ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠች እናት ራሷን ሲያማትና ሲያቅለሸልሻት፣ ብዙ ጊዜ የመንገዱ ጠመዝማዛነት ነው ይባልላታል እንጂ የጭሱ ነገር አይነሣም።

ሽታን ሁሉ የዘይት ሽታ ማለት ግን ስሕተት ነው፤ የመጀመሪያው ጥበብ መለየት ነውና። ወጥ የምትሠራ እናት ከጓዳ ሳትገባ ሽንኩርቱ ቁሌት ላይ መሆኑን ወይም ማረሩን በአንድ ትንፋሽ እንደምትለይ፣ ያረረውንም ወጥ ውሃ በመጨመር እንደማታድነው ሁሉ፣ ሾፌርም የመኪናውን ሽታዎች መለየት ግዴታው ነው። የሞተር ዘይት ሽታ ከባድና ቅባታማ ሆኖ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፤ መኪናው ዳገት ወጥቶ ሲቆምም ይብሳል። የተቃጠለ ወረቀት የሚመስለውና ማርሽ ሲቀየር ወይም በዳገት ላይ ሲነሡ የሚመጣው የፍሪሲዮን ሽታ ነው፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ከጎማው አካባቢ የሚመጣው አፍንጫን የሚወጋ ሽታ የፍሬን ነው፤ ጣፋጭነት ያለው ሽታ ከራዲያተር የሚያመልጥ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ የድኝ ጠረን ያለው ከካምቢዮ ወይም ከዲፈረንሻል የሚወጣ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ የነደደ ፕላስቲክ የሚሸተው ደግሞ የኤሌክትሪክ መሥመር ስለ ሆነ፣ እርሱ ከሁሉ ይልቅ አስቸኳይ ነው፤ ወዲያው መቆምንና የባትሪን ገመድ መፍታትን ይጠይቃል።

የዘይት ሽታ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሥርዓት አለው። ጭስ ከታየ ወይም የዘይት ግፊት መብራት ከበራ፣ የሚቀጥለው ከተማ ቅርብ ነው ብሎ መገስገስ ሞተርን በገዛ እጅ መግደል ነው፤ ያለ ዘይት ግፊት የሚሽከረከር ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ብረትን ከብረት ጋር አፋጭቶ ይነክሳልና። መኪናውን ከደረቅ ሣር ርቆ ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ተሳፋሪውን ማውረድ ይገባል፤ ይህም ሣሩ በደረቀበት በበጋ ወራት እጅግ ያስፈልጋል። ነበልባል ከተጠረጠረ ኮፈኑን በአንድ ጊዜ መክፈት አየር ሰጥቶ እሳቱን ማቀጣጠል ነው፤ በሚነድድ ዘይት ላይም ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ይበትነዋል እንጂ አያጠፋውም። በጠባብ ክፍተት የዱቄት ማጥፊያ መርጨት፣ እርሱ ከሌለ አሸዋ ወይም አፈር መድፋት ይሻላል። ማጥፊያው በሾፌሩ እጅ አጠገብ ካልሆነና በየጊዜው ካልተመረመረ ግን ቀይ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እሳት ከሌለና ሞተሩ ከበረደ ደግሞ ምርመራው ይጀመራል። መኪናው በደልዳላ ሜዳ ቆሞ፣ ጥቂት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተመዝዞ ተጠርጎ እንደገና ተነክሮ ይነበባል፤ በብዙ ትናንሽ መኪናዎች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1 ሊትር ገደማ ነው። ይህን ንባብ ከኪሎ ሜትሩ ጋር በደብተር የሚጽፍ ሾፌር፣ ሞተሩ በስንት ጉዞ ምን ያህል እንደሚያጎድል ያውቃል፤ የማይጽፍ ግን የሚያውቀው የጀሪካኑን መጉደል ብቻ ነው። ከምልክቱ በላይ መሙላትም በራሱ ጥፋት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ የበዛ ዘይት በሚሽከረከረው ዘንግ እየተመታ አረፋ ይሆናልና፤ ግፊቱም ጨምሮ ደህና የነበረውን ሲል፣ ይኸውም ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ሳይቀር ሊያስፈስሰው ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ትዕግሥትን የሚጠይቅ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርሱ ነው፤ ይኸውም ሞተሩን ማጠብ ነው። የብዙ ወራት አቧራና ዘይት በአንድነት ተጋግሮ በለበሰው ሞተር ላይ የፍሳሹን ምንጭ ማግኘት ለማንም ጠቢብ አይቻልም። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ቅባቱ በማጽጃ ተፈትቶ፣ አየር የሚስብበት አፍና የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ በላስቲክ ተሸፍነው፣ በብሩሽ ታሽቶ ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ተነድቶ ይመለሳል፤ ከዚያም በባትሪ ብርሃንና በትንሽ መስተዋት ይፈተሻል። የፍተሻው ሕግ አንድ ነው፤ ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ በጉዞ ላይም ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከታች የተንጠባጠበበትን ሥፍራ አይቶ ያንኑ መክሰስ ከእውነት ያርቃል፤ ከእርጥበቱ ሁሉ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀርቦ የሚገኘው ነጥብ ነው ምንጩ። በሌሊትም ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ዘርግቶ ማደር ብዙ ይናገራል፤ በማለዳ ጥቁር ወይም ቡናማ ጠብታ ቢገኝ የሞተር ዘይት፣ ቀይ ቢሆን ብዙ ጊዜ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ አረንጓዴ ቢሆን የራዲያተር ፈሳሽ ነው።

ምንጩ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ዘይት በቅርብ ተቀይሮ እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የቅያሪው ሥራ ራሱ ነው፤ የፈሰሰ ዘይት ሳይጠረግ ቀርቶ፣ የመሙያው ክዳን ሳይጠብቅ ቀርቶ፣ የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ በሞተሩ ላይ ተጣብቆ ሳይታይ አዲሱ በላዩ ታስሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ካልሆነ፣ ከሁሉ የሚበዛው ጥፋት ከላይ ያለው የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ሌሎች ጋስኬት የሚሉት፣ በሙቀት ብዛት ደርቆ መሰንጠቁ ነው፤ ከእርሱ የሚያመልጠው ዘይት በሞተሩ ጎን ወርዶ ማኒፎልዱን ያገኘዋል። ቀጥሎ የዘይት ግፊት መለኪያዋ ትንሽ ክፍል፣ የተርቦ ዘይት መመለሻ ቱቦ፣ ከፊትና ከኋላ ያሉት የዋናው ዘንግ ሲሎች፣ እንዲሁም የዘይት መያዣው ጋን ጠርዝ ይመረመራሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር አብሮ መታየት ያለበት፣ ነገር ግን በብዙ ጋራዥ የሚረሳው፣ የሞተሩ መተንፈሻ ነው። ከፒስተኖቹ ጎን የሚያመልጠው ጋዝ የሚወጣበት ቱቦ በቆሻሻ ሲደፈን፣ ጋዙ በሞተሩ ውስጥ ታምቆ መውጫ ይፈልጋል፤ ደካማውንም ሲል ገፍቶ ዘይቱን ይዞ ይወጣል። መተንፈሻው ሳይጸዳ ጓርኒሲዮን ብቻ የለወጠ መካኒክ፣ መኪናው ብዙም ሳይቆይ በዚያው ችግር ወደ እርሱ ሲመለስ ዕቃው መጥፎ ነው ይላል፤ ባለንብረቱም ሁለተኛ ይከፍላል፤ ጥፋቱ ግን በዕቃው ሳይሆን በምርመራው መጓደል ነው።

የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን መለወጥ በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ጥንቃቄ የጎደለው እጅ ግን ያበላሸዋል። ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ ይነሣል፤ አሮጌው ጓርኒሲዮን ተላቆ፣ ሁለቱም ፊቶች በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይጸዳሉ፤ አልሙኒየሙን በቢላዋ መፋቅ አዲስ የዘይት መንገድ መቅደድ ነውና። ክዳኑ ጎብጦ ወይም ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ደልዳላ በሆነ መስተዋት ላይ አስቀምጦ ማየት ይቻላል። አዲሱ ጓርኒሲዮን በቦታው ይተኛል፤ ሲልኮን የሚያስፈልገው አምራቹ ባመለከታቸው ማእዘኖችና መጋጠሚያዎች ላይ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ነው። ቡሎኖቹ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ ተራ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይታሰራሉ፤ በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች እነዚህ ቡሎኖች የሚፈልጉት ኃይል ከ10 ኒውተን ሜትር የማይበልጥ ስለ ሆነ፣ በረጅም ቁልፍ እስከሚጮኽ ድረስ ማጥበቅ ጓርኒሲዮኑን ይጨፈልቀዋል፣ ክዳኑንም ይሰነጥቀዋል። ሲልኮን ካለ በመያዣው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ አሙቆ በብርሃን እንደገና ማየት የሥራው ፍጻሜ ነው። በማኒፎልዱ ላይ የቀረው አሮጌ ዘይት እስኪያልቅ ድረስ ጥቂት ሽታ ቢቀጥል አያስደነግጥም፤ እያደር ካልቀነሰ ግን ምንጩ ገና አልተገኘም ማለት ነው።

በሲልኮን ላይ አንድ ቃል ልጨምር፤ በእኛ አገር የብዙ ሞተር ሞት ምክንያት እየሆነ ነውና። ጓርኒሲዮን ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ክዳኑን በሲልኮን ብቻ አጣብቆ መላክ የተለመደ ሆኗል፤ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የተረፈው ሲልኮን ግን በጊዜ ብዛት ተቆርሶ ከዘይቱ ጋር ይወርድና የዘይት ፓምፑን መምጠጫ ወንፊት ይዘጋል፤ ሞተሩም ዘይት ሞልቶለት ሳለ በዘይት ጥም ይሞታል። በአባዱላና በሌሎችም የቶዮታ መኪናዎች ላይ የሚገኘው ባለ አራት ሲሊንደሩ 5ኤል የናፍጣ ሞተር ደግሞ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው በጎማ ቀበቶ በመሆኑ፣ ከፊት ሲል የሚያፈስ ዘይት ያን ቀበቶ አርሶ አለስልሶ ያስበጥሰዋል፤ ቀበቶው በጉዞ ላይ ሲበጠስ ፒስተን ከቫልቭ ጋር ይጋጫል፤ የአንዲት ሲል ዋጋ የሙሉ ሞተር ዋጋ ሆነ ማለት ነው።

ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይፈስ በውስጥ የሚቃጠልበትም ጊዜ አለ፤ ምልክቱም ከማርሚታ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ነው። የናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ወይም የአየር ማነስ፣ ነጩ ደግሞ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ውሃ ሲሆን፣ ሰማያዊው የዘይት ነው። መኪናው አድሮ በማለዳ ሲነሣ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ፣ የቫልቭ ሲሎቹ ደርቀዋል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ነዳጅ ሲሰጠውና ዳገት ሲወጣ የሚብስ ከሆነ የፒስተን ፋሻዎቹ ወይም ሲሊንደሮቹ አልቀዋል። ይህን በግምት መወሰን አይገባም፤ የሲሊንደር ግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ በአጭር ጊዜ ውስጥ እውነቱን ይነግራል፤ ግፊቱ ሳይለካ ሞተር ይውረድ ብሎ የሚፈርድ መካኒክ ፍርዱን ያለ ምስክር ሰጠ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕውቀት የተሰወረ ካልሆነ፣ ጀሪካኑ ስለ ምን ጥገናን ተካ? እኔ እንደማየው ዋናው ምክንያት ድንቁርና ሳይሆን የኑሮ ሥርዓት ነው። ብዙውን ጊዜ መኪናውን የሚነዳው አንድ ሰው፣ የመኪናው ባለቤት ሌላ ሰው ነው፤ ባለንብረቱ በየዕለቱ የተወሰነ ገቢ ይጠብቃል፤ መኪናው በጋራዥ የዋለበት ቀን ለሾፌሩ እንጀራ የሌለበት ቀን ነው። በገበያ ቀን ዋዜማ ሽታ ቢሸተው፣ ተናግሮ መኪናውን ከማስቆም ይልቅ ዝም ብሎ ዘይት መጨመር ይቀለዋል፤ ባለንብረቱም ሞተሩ ሲነክስ ሾፌሩን ያባርራል እንጂ፣ ጥፋቱ በተጀመረበት ቀን ዝምታን ያስተማረው እርሱ ራሱ መሆኑን አያስተውልም። በአሽከርካሪና በባለንብረት መካከል ያለው ውል፣ ችግርን ቀድሞ ያሳወቀ ሾፌር የጥገናው ቀን ከገቢው እንዳይቆረጥበት የሚያደርግ አንቀጽ ቢኖረው፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅማል።

መካኒኮቻችንንም ልወቅስ ስነሣ ሥራቸውን ሳላከብር አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ ከመኪና ሥር ተጋድመው በእጃቸው ዳሰሳ ብቻ ጥፋትን የሚያገኙ ጥበበኞች በየጋራዡ አሉ። ነገር ግን ተማሪው ከጌታው የሚማረው መፍታትንና መግጠምን እንጂ ስለ ምን እንደ ተፈታ መጠየቅን ካልሆነ፣ የፍሳሹ ምንጭ በዚያው ተሰውሮ ይኖራል። በክልሉ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የኃይል መለኪያ ቁልፍንና የግፊት መለኪያን አጠቃቀም፣ የምርመራንም ቅደም ተከተል በተግባር አስተምረው ለገጠር ጋራዦች አጭር ሥልጠና ቢሰጡ፣ ትርፉ ለሕዝብ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያም ውድ ስላልሆነ፣ ጥቂት ጋራዦች ተባብረው ሊገዙትና በተራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

መንግሥትም በዚህ ነገር ድርሻ አለው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ ተመርምሮ ለጉዞ ብቁ መሆኑ እንዲረጋገጥ ያዝዛል፤ ሕዝቡ ቦሎ የሚለው ይህንን ነው። ምርመራው ፍሬኑን፣ መብራቱንና መሪውን ብቻ ሳይሆን ከሞተሩ ሥር የሚንጠባጠበውንም ዘይት በእውነት የሚያይ ሲሆን ሕይወት ያድናል፤ መኪናውን ሳያዩ የሚለጠፍ ወረቀት ሲሆን ግን መስታወት ከመሸፈን በቀር ጥቅም የለውም። የቦሎ መርማሪ ለአንድ የሚያጨስ መኪና ሲያዝን፣ በዚያ መኪና ላይ ለሚሳፈሩት ሁሉ ጨክኗል።

ጥገና ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያትም አለ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ካስገባበት ጊዜ ጀምሮ፣ አገራችን መንዳትን ፈጥና ስትማር መጠበቅን ግን ገና አልጨረሰችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የቆመው በዚሁ በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ በመሆኑ፣ ዘይት የማይቀየርለት የኤሌክትሪክ መኪና አንድ ቀን በቡለን ገበያ እንደሚታይ ተስፋ አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ሰሊጡንና ሕመምተኛውን የሚያጓጉዙት ዛሬ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ናቸው፤ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ጓርኒሲዮናቸውና ሲላቸው ይደርቃል፤ ምትካቸውም በዋጋ ይወደዳል፤ ስለዚህ ያለንን መጠበቅ የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

የሚንጠባጠበው ዘይት በመጨረሻ የሚደርስበትንም ማሰብ ይገባል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ምስጥ የቤት ጠላት በመሆኑ፣ ከጋራዥ የወጣ የተቃጠለ ዘይት በቤት ምሰሶ ላይ ይቀባል፤ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ግን ያ ዘይት በባዶ እጅ ሲዳሰስ የሚኖር ከሆነ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል መሆኑን፣ በውሃ ጉድጓድ አጠገብም መቀባትና መድፋት እንደማይገባ ማስተማር ያሻል። አንድ ሊትር ዘይት እስከ 1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊበክል እንደሚችል የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ያስተምራሉ። የቡለን ጅረቶች ወደ አባይ የሚወርዱ ናቸውና፣ በጋራዥ ግቢ በመሬት ላይ የተደፋው በበርሜል ተጠራቅሞ ቢቀመጥ ለራሳችንም ለታችኛው አገርም ይበጃል።

ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ምክራቸውን የሰጡት ለእንዲህ ያለው ነገር ነበር። ባለንብረት ሆይ፣ ሾፌርህ ሽታ ሲነግርህ ገቢውን ከመጠየቅህ በፊት መኪናው የት እንደቆመ ጠይቀው፤ ሾፌር ሆይ፣ የዘይቱን ልክ በየማለዳው አንብበህ ጻፍ፤ መካኒክ ሆይ፣ ሳታጥብና ሳትመረምር ዕቃ አትለውጥ፤ መርማሪም ሆይ፣ ከኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብለህ ሳታይ አትፈርም። ተሳፋሪም ቢሆን የሚሸት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ዝም ማለት አይገባውም፤ ሾፌሩን በአክብሮት ወንድሜ፣ መኪናው ይሸታል፣ ቁምና እንይ ማለት መብቱ ነው። ይህን በማለቱ ጉዞው አንድ ሰዓት ቢዘገይበት፣ ያ ሰዓት የከሰረ ሰዓት አይደለም።